የጓያ እግርና የባሕር ማዶው ክኒን

ከወልድያ ወደ መርሳ በመኪና ያለፍህ እንደ ሆነ ሲሪንቃን ታውቃታለህ። እዚያ አጎት አሉኝ። የደላንታ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በክፉ ቀን ጓያ በልተው እግራቸው ስለ ተያዘ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳሉ። ሰሞኑን አንድ ወዳጃቸው፣ «በአሜሪካ እግር ለሚይዝ የነርቭ በሽታ በጥቂቱ የሚወሰድ ክኒን ተገኝቷል» ቢላቸው ጊደራቸውን ሊሸጡ ተነሡ። ተማሪ ወይም ደመወዝተኛ ከሆንህ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከአገር ቤት ላንተም መምጣቱ አይቀርምና ያገኘሁትን ላካፍልህ።

ክኒኑ ናልትሬክሶን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተፈቀደው ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ነው፤ መጠኑም በቀን 50 ሚሊግራም። ከ5 ሚሊግራም ያነሰው ግን መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው ደዌ ተሞከረ፤ ይኸውም የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን ልባስ የሚያጠቃበት ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 4.5 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት የወሰዱት ሕመምተኞች መንፈሳቸው ተሻለ፤ አካላቸው ግን አልተለወጠም። መድኃኒቱ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ለትልቅ ሙከራ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ እምብዛም የለም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የአጎቴ ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። ጓያ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለበት፤ በችጋር ጊዜ ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። የተጎዳውም አይመለስም። ደላንታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው ያጣችው በሞት ሳይሆን በዚህ ነበር፤ ቆሞ ማረስ የማይችል ጎልማሳ ምን እንደሚባል አንተ ገምተው።

ይሁን እንጂ ብዙዎች የማያውቁት የራሳችን ሙከራ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቶልፐሪሶን የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በጓያ ሕሙማን ፈትነው በ1997 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። አንዱ ወገን እውነተኛውን፣ ሌላው ባዶውን ክኒን ዋጠ፤ ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም። የእግር ግትርነት ቀነሰ፤ ፈውስ ግን አልሆነም።

ይህን በስልክ ባስረዳቸው፣ «ምርኩዜን ያስጥለኛል?» አሉኝ።

«አያስጥልዎትም፤ ማታ የሚገተረው እግርዎ ግን ላላ ይል ይሆናል። ወልድያ ሆስፒታል ይጠይቁ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ጊደሯ ትውለድ» አሉ።