ድንጋይ ወይስ ሞተር?

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። መጽሐፎቻችን ከአልጋ ሥር ወጥተው እንደ ሰው እንዲቆሙ ፈለግንና አራት ሆነን አዋጥተን የዋንዛ ጣውላ ገዛን። መሣሪያ ግን አልነበረንም። ከመካከላችን የአንደኛው አባት አናጺ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተዉለትን ሁለት መሮ፣ አንድ መላጊያና አንድ የእጅ መጋዝ ከአገር ቤት በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን። ታዲያ ሁሉም ዶልዱመዋል። መላጊያው ጣውላውን ይቧጭረዋል እንጂ አይልገውም፤ መሮውም እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል።

“ይሳላ!” አልን። በምን? እዚህ ላይ ጉባኤ ተቀመጥን።

ዘመናዊ ነገር እንወዳለንና አብዛኞቻችን በኤሌክትሪክ የሚዞረውን ድንጋይ መረጥን። “ተጎንብሶ ሲፈትጉ መዋል የአያቶቻችን ነው፤ ሞተር በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል” ተባለ። መግዣ ስላልነበረን አንደኛውን መሮ ይዘን ወደ አንድ የብረት ሥራ ቤት ሄደን ለመንን። እውነትም ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የእሳቱ ብልጭታ ሲረጭ እንደ ልጅ አጨበጨብን። መሮው ሲነሣ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። እኛማ ያማረበት መስሎን!

የቀለሙን ትርጉም የነገሩን በሰፈሩ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። መሮውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና “ልጆቼ፣ አቃጠላችሁት እኮ” አሉን። የመሮ ብረት የሚጠነክረው ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና በልክ ሲሞቅ ነው። በመሳል ላይ ሳለ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ቀለም ይመጣል፤ ያኔ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ስለቱም አይቆይም። መድኃኒቱ የተቃጠለውን ክፍል በዝግታ ፈትጎ ማስወገድ ነው። አባት በስንት ዓመት ትንሽ ትንሹን የሳሉትን ብረት እኛ በሁለት ደቂቃ በላነው ማለት ነው። ጓደኛችን ምንም አላለም። ጨርቁን ያጣጥፍ ጀመር። ያ ዝምታ ከስድብ በለጠብን።

“አሁን ምን እንግዛ?” አልናቸው አንገታችንን ደፍተን። መልሳቸው አጭር ነበር፦ በአንድ ፊቱ ሻካራ፣ በሌላው ለስላሳ የሆነ አንድ መሳያ ድንጋይ፣ አንድ ቁራጭ ወፍራም መስተዋት፣ ጥቂት የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ፣ ለመጋዙ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ። በቃ!

ምክንያቱንም አስረዱን። ስለት ማለት ሁለት ገጽ የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ስለዚህ የመሮው ጀርባ ካልተስተካከለ ፊቱን ብቻ መሳል ድካም ነው። ፊቱ በ25 ዲግሪ ገደማ ይፈተጋል፤ ጫፉ ብቻ ወደ 30 ከፍ ብሎ በለስላሳው ይጨረሳል። በጀርባ በኩል ቀጭን የብረት ከንፈር በጣት ሲዳሰስ ስለቱ እጫፉ ደርሷል፤ ያን ከንፈር በለስላሳው ድንጋይና በቆዳው ማንሣት ነው። ድንጋዩም ራሱ እየጎደጎደ ይሄዳል፤ መስተዋቱ ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። በውሃ የሚሠራውን ድንጋይ ዘይት አታስነኩት፤ ይደፈናል።

ኧረ ሞተሩንም አልረገሙትም። ጫፉ ለተሸረፈ መሮ ሞተር ደግ ነው፤ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውሃ እየነከሩና ጣት ሳይፈጀው እያነሡ ከሆነ። “መጀመሪያ ‘ምን ያህል ብረት ላንሣ?’ ብላችሁ ጠይቁ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመረጣል” አሉን። እኛ ግን የጠየቅነው “የቱ ይፈጥናል?” ብለን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ሰማያዊውን ለመጨረስ ሦስት ምሽት ፈጀብን። በየተራ ፈተግን፤ ጣታችን ጠቆረ፤ ፈተናም ደርሶ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ጓደኛችን መሮውን ተቀብሎ በጣውላው ጫፍ ላይ ገፋው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወጣ። አንሥቶ አየውና “የአባባ እንዲህ ነበር” አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኛ ጋር መሳቅ ጀመረ።

መደርደሪያው ዛሬም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ድንጋዩን የገዛነው በጋራ መዋጮ ነው፤ የት ይቀመጥ ሲባል ግን ክርክር አልተነሣም። ከመሮዎቹ ጋር በጨርቁ ተጠቅልሎ ነው ያለው።