ለቁልቁለቱ ልበሱ

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በብስክሌት የሚወጣ ሰው ልብሱን መምረጥ ያለበት ለዳገቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነው። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላችሁ ልክ ለብሳችኋል። ገና በር ላይ ከሞቃችሁ ግን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁል ስትወርዱ ነፋሱ ያን ላብ ደረታችሁ ላይ በረዶ ያደርገዋል።

ስለዚህ የጥጥ ካናቴራ ከቆዳችሁ ይራቅ፤ ላቡን ጠጥቶ ይዞት ይቀመጣል። ስስ የሱፍ ሹራብ ግን ረጥቦም ይሞቃል። ሰልባጅ ተራ ፈልጉ፣ አይጠፋም። የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴም አለ፤ እኔ እስካሁን የሚተካከለው አላገኘሁም፦ ጫፍ ስትደርሱ ጋዜጣ አጥፋችሁ ከሹራባችሁ ሥር ደረታችሁ ላይ ሸጉጡ። ወረቀቱ ነፋሱን ይመክታል፣ ላቡንም ይመጥጣል።

ጓንት ላይ በፍጹም አትሰስቱ። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም፤ በዚያ ቁልቁለት ደግሞ አህያውም፣ እንጨት የተሸከመችው እናትም፣ ሚኒባሱም ብቅ የሚሉት ድንገት ነው።