ከኡኡታው እስከ ቃሬዛው

ጋዜጠኝነት ተምሬ ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ዕለት «ከእንግዲህ ፈተና የሚባል ነገር አልቀመጥም» ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬ የቆየው እስከ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ የሲሚንቶ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ እጅም እግርም የሌላትን የላስቲክ ሴት ደረት እየተጫንኩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ስል ሰነበትኩ። ፈተናው የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፍኬት የሚያሰጥ ነው። ወረቀቱን ለእንጀራ አልፈለግሁትም። ለምን እንደፈለግሁት ለመናገር ሦስት ወር ወደ ኋላ፣ ወደ ቡሬ ገጠር መመለስ አለብኝ።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ፍልሰታ። አክስቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ሄጃለሁ። አክስቴ የሚኖሩት ከቡሬ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ነው። በቆሎው ሰው ይውጣል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ በዝላይ የሚታለፈው ጅረት ደፍርሶ ያጓራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወሰደው የአክስቴን የልጅ ልጅ፣ የአሥር ዓመት እረኛ ነበር። ጥጃ ሊመልስ ገብቶ ነው አሉ።

ኡኡታው ከታች ሲሰማ ከቤቱ ያልወጣ ሰው የለም። የማዶው ጉብታ ጩኸቱን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንደርም ተቀበለ። የጎጃምን ገጠር የሚያውቅ አንባቢ ይመሰክርልኛል፤ ያን ጩኸት ስልክ አይቀድመውም። ስንደርስ ጎረምሶቹ ልጁን ከውሃው አውጥተውታል። አንዱ በእግሮቹ ዘቅዝቆ ያዘው፤ ሌላው ሆዱን ጨመቀለት፤ ውሃ ከአፉ ሲወርድ «ተፋው! ተፋው!» ተባለ። ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው ያስጠጋም ነበር። ሽንኩርት ይዛ የምትሮጥ ሴት አስታውሳለሁ። እኔስ? ከተሜው፣ የተማርኩት፣ ሰው ሁሉ ዐይን ዐይኔን የሚያየኝ እኔ፣ ጃኬቴን አውልቄ ማልበስ ብቻ ነው የታየኝ።

ወዲያው ቃሬዛ ተሠራ። አምቡላንስ ቢጠራም ያን ጭቃ አያልፈውም ነበር። ወንዶቹ እየተቀባበሉ ቡሬ አደረሱት። ሐኪሙ የልጁን ዐይን ገልጦ በባትሪ አየ፤ ደረቱን አዳመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየን። ስንመለስም የያዝነው ያንኑ ቃሬዛ ነበር፤ እርምጃችን ብቻ ዘገየ።

ለቅሶው አልፎ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ የልጁ መሞት ብቻ አልነበረም። ምን መደረግ እንደነበረበት አለማወቄ ነበር። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ሥልጠና እንዳለ ስሰማ ስሜ ይመዝገብ አልኩ።

ሠልጣኞቹ የባጃጅ ሹፌሮች፣ መምህራን፣ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛና አንድ ዲያቆን ነበሩ። አሠልጣኛችን ነርስ ናቸው፤ ሲስተር እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ቀን የፈጁት የምናውቀውን በማስጣል ነው። የሚደማ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ቀርቶ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና መቀባት ቀርቶ ሃያ ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ። የሚጥል በሽታ ለጣለው ሰው ክብሪት መጫር ቀርቶ፣ በዙሪያው ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት።

በሁለተኛው ቀን ስለ ሰመጠ ሰው ተነሣ። እጄ ላብ በላብ ሆነ። «አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጭመቁት» አሉ ሲስተር። «የሚወጣው የጨጓራ ውሃ ነው፤ ወደ ሳንባው ሊገባም ይችላል። እናንተ ውሃ ስታወጡ እሱ አየር ያጣል።» ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ግንባሩ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጩ ቀና ይደረጋል፤ መተንፈሱ ይታያል፤ ለዚህ ከአሥር ሰከንድ በላይ አይጠፋም። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫው ተይዞ፣ ደረቱ እስኪነሣ በአፉ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ለሰመጠ ሰው ትንፋሽ ይቀድማል። ከዚያ ደረት መጫን ነው፤ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ለአዋቂ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ፍጥነቱ አልያዝ ሲለን ዲያቆኑ በመዳፉ ወንበሩን እንደ ከበሮ እየመታ መራን፤ ገባን። አየር ያጣ አእምሮ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል ተባለ። እኔ በልቤ የቡሬን መንገድ ቆጠርኩ።

ዘዴው ራሱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ደረትን ሳይከፍቱ በእጅ ብቻ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያው ዓመት አስሙንድ ሌርዳል የተባለ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ የመለማመጃዋን ሴት ሠራ። የራሱን ትንሽ ልጅ ከመስጠም ያዳነ አባት ነበር። ለአሻንጉሊቷ የሰጣት መልክ በ19ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ከሴን ወንዝ ወጣች ከምትባል ስሟ ያልታወቀ ወጣት ሴት የፊት ቅርጽ የተወሰደ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺ የላስቲክ ሴት ለእኔ መጫወቻ መሆኗ ቀረ።

ፈተናው ደረሰ። «ገበያ መሃል አንድ ሰው ወደቀ» ተባለ። አካባቢውን አየሁ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁ፤ ትንፋሹን አየሁ፤ መጫን ጀመርኩ። ላቤ እስኪንጠባጠብ ተጫንኩ። ስጨርስ ሲስተር ከወረቀታቸው ቀና አሉ።

«ማንን ጠራህ?»

ማንንም አልጠራሁም። ወደቅሁ።

«ሁለት ደቂቃ ከተጫንክ ክንድህ ይዝላል፤ የሚተካህ ያስፈልጋል» አሉኝ። «ለሁሉም መጮህ ደግሞ ለማንም አለመጮህ ነው። አንዱን በጣትህ ለይተህ ‹አንተ፣ 907 ደውል› ትለዋለህ።» 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር ነው፤ ማኅበሩ ከሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው።

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነገሩን ሳገላብጠው አንድ ነገር ታየኝ። በዚያ መንደር ሁሉም ጠራ፤ መርዳት የቻለ ግን አልነበረም። በፈተናው እኔ ረዳሁ፤ ማንንም አልጠራሁም። ገጠራችን ኋላ ቀር ነው ብለን የምናዝን ከተሜዎች ልብ ያላልነው ነገር አለ። መጽሐፉ ከሚጠይቀው ሁለቱን፣ ጥሪውንና ሸክሙን፣ የአክስቴ ጎረቤቶች ማንም ሳያሠለጥናቸው ያውቁታል። ሰው የሚሰበሰብበት ኡኡታ አለ፤ ሰው የሚጓጓዝበት ቃሬዛ አለ። የጎደለው በመካከሉ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። እነሱን የሚሞላ መኪናም ስልክም አይደለም፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ሁለት እጅና ትንፋሽ ነው።

በሳምንቱ ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባትን ማንኩሳን አልፌ ቡሬ፣ ከቡሬ በእግሬ ወደ አክስቴ።

አክስቴ ወረቀቱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። ማንበብ አይችሉም። የተማርኩትን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው፣

«ታዲያ ልጄ፣ ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

ያን ያህል ፈተና ሲስተርም አልፈተኑኝም። «አላውቅም እታለም» አልኳቸው። «ውሃው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ አናውቅም። ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ተሳስቼ ይሆን፣ መዋሸት ነበረብኝ ይሆን እያልኩ ሳለሁ ተነሡና ጭድ የሞላ ጆንያ ከጓዳ ጎትተው መሃል ቤት አጋደሙት።

«አሳየኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። እሳቸውም ተንበርክከው ተጫኑ። ጎረቤት ተጠራ፤ ልጁን ዘቅዝቆ የያዘው ጎረምሳም መጣ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ተራው ሲደርስ ጆንያውን እስኪቀደድ ተጫነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁጥሩን መደወል በማይቻልባቸው በእነዚያ ቀናት አሳቤ ወደዚያች ጓዳ ይሄዳል። የእኔ ሰርተፍኬት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። አክስቴ ግን ባለፈው ድምፃቸውን ስሰማ ክረምት በገባ ቁጥር ጆንያውን እንደሚያወጡት ነገሩኝ፤ ለእረኞቹ።