ከአረሙ ጥላ ሥር

መሬት ከዓይናችሁ ተሰውሮ ልጃችሁን በትንሽ ጀልባ ላይ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያዋ የሳንዲያጎ ወደብ የወጣሁት ከአንዲት የአገራችን ልጅ፣ ከባለቤቷና ከዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ጋር ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ዓሣው ሳይሆን አረሙ ነው። ኬልፕ የሚሉት የባሕር አረም በዳርቻው ከባሕሩ ወለል ድንጋይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ማዕበል የነቀለውን ግን በቅጠሎቹ ግርጌ ያሉት አየር የሞላባቸው እንክብሎች ያንሳፍፉትና ወደ ጥልቁ ይነዳል። ከጥላው ሥር ትናንሽ ዓሦች ይጠለላሉ፤ እነሱን ፍለጋ ትልልቆቹ ይመጣሉ።

ቡናማ ምንጣፍ የመሰለውን አረም እንዳየን አባትየው ፍጥነት ቀነሰ። ሆኖም ነፋሱ ገፋንና አረሙ ከሞተሩ ተጠመጠመ። ሞተሩ ጸጥ አለ! እናቲቱ ቀድማ የጨበጠችው የልጇን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ማሰሪያ ነበር። (እኔም የራሴን አጠበቅሁ፤ ምን ይደበቃል!) ባልየው ሞተሩን ከውኃው ቀና አድርጎ አረሙን በቢላዋ ቆራርጦ እስኪያላቅቅ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ልጁ አንድ ዶራዶ ያዘ። ወርቅና አረንጓዴ ሆኖ የወጣው ዓሣ ጥቂት ሳይቆይ ግራጫ ሆነ።

«እማዬ፣ ቀለሙ የት ሄደ?»

ማታ አያትየው፣ ፍልሰታ ነውና ዓሣም ቢሆን አልቀምስም አሉ። ይህ ክርክር በየቤታችን ያለ ነው። የሞተሩን ነገር ከሰሙ በኋላ ግን ልጁን እስኪተኛ ድረስ ከጎናቸው አላራቁትም።