እሷን ይጠይቋት

ትናንት አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጡ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ እያስሞላን ነው። «መምህርዬ፣ አደራህን ቅርብ ያለውን ሙላልኝ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ። የልጅቷ አንደኛ ምርጫ ግን ጅማ ነው።

እኔ 10ኛ ክፍል ስጨርስ ማንም «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ያለኝ የለም። መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ በዲፕሎማ ወጣሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አለመጠየቄ ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው። ጠየቋት። ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ እያለቀሰች ስትነግራቸው ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ጅማ ዝናብ ይበዛል አሉ፤ ጋቢ ይበቃታል ወይስ ብርድ ልብስ ልግዛላት?»

ወላጆች፣ ምርጫውን ለልጆቻችሁ ተዉላቸው፤ ብርድ ልብሱን እናንተ ግዙ።

መልካም ምደባ ለሁሉም ተማሪዎቻችን!