ባለ ስድስት ድንጋይ ማጉያ

በቺካጎ የኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ታክሲዎች ተሰልፈው ተራቸውን የሚጠብቁበት ሰፊ አስፋልት አለ። ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቀን፣ ሁለት ሦስት ሰዓት እዚያ መቀመጥ የተለመደ ነበር። ከፊሉ ሾፌር ወንበሩን አስተኝቶ ያንቀላፋል፤ ከፊሉ ምንጣፉን ዘርግቶ ይሰግዳል፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ አንድ መኪና ውስጥ ታጭቀው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ። እኔ የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ጫፉ ላይ እቀመጥና ሃርሞኒካ እነፋለሁ፤ ከእግሬ ሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን፣ በመዳፌ ውስጥ አንድ አሮጌ ማይክሮፎን።

ሣጥኗ ፒግኖዝ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ገበያ ላይ የዋለች፣ በስድስት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ አምስት ዋት ጉልበት ብቻ ያላት የጊታር ማጉያ ናት። እንደ ሻንጣ ትከፈታለች፤ ምን ያህል ገርበብ እንዳለች ድምፅዋን ይለውጠዋል። ያላት አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ሲሆን እርሱም የአሳማ አፍንጫ ይመስላል፤ የስሟም ትርጉም ይኸው ነው። በዚህ አፍንጫ ሰበብ ሾፌሮቹ ብዙ ስቀውብኛል። “አንተ፣ በዐቢይ ጾም አሳማ በመኪናህ ታዞራለህ?” ይለኝ ነበር አንድ የጎጃም ሰው። ፓኪስታናዊው ጎረቤቴ ግን ሳይስቅ መጥቶ አፍንጫዋ ላይ ፕላስተር ለጠፈባትና ጉዳዩን ዘጋው። ድንጋዮቿ እየደከሙ ሲመጡ ድምፅዋ ይሰነጣጠቃል። እኔ የምወዳት ያን ጊዜ ነበር።

ሃርሞኒካ ብቻውን ድምፁ ትንሽ ነው፤ አሥር ቀዳዳ፣ ሃያ የናስ ምላስ፣ አንድ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከደቡቡ የጥጥ አገር ወደ ቺካጎ የተሰደዱት ጥቁር ሙዚቀኞች ይህን ትንሽነቱን ይበልጥ የተረዱት በማክስዌል መንገድ የእሑድ ገበያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የገበያው ሁካታ ሃርሞኒካውን ዋጠባቸው። ስለዚህ ከአካባቢው ቤቶችና ሱቆች በረጅም ገመድ ኤሌክትሪክ እየሳቡ ማይክሮፎንና ማጉያ ይዘው ወጡ። ስኑኪ ፕራየር፣ ወታደር ሳለ በጦር ሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ሃርሞኒካ መንፋት እንደ ጀመረና ኋላም የራሱን ገዝቶ ወደዚያው ገበያ እንደ ወጣ ይናገር ነበር። ነገሩን ወደ ጥበብ ያደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1930 በሉዊዚያና የተወለደው ሊትል ዋልተር ነው። በ1952 የቀዳው፣ ዘፋኝ የሌለበት “ጁክ” የተሰኘ ሙዚቃ፣ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ላይ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በ1968 ሞተ። ገበያውም በ1994 ከጥንት ስፍራው ተነሥቷል።

እነዚህ ሰዎች ማጉያ የያዙት ከጫጫታው በላይ ለመሰማት ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ርካሽ ማይክሮፎን ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት መዳፍ ታፍኖ ሲያዝ፣ ትንሽ ማጉያም ከአቅሟ በላይ ስትጫን፣ ቀጭኑ የናስ ድምፅ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሰው ጉሮሮ ይመስላል። መሐንዲስ ጉድለት የሚለውን እነርሱ ድምፃቸው አደረጉት።

ማይክሮፎኑን የሸጡልኝ አንድ ሌሊት ከደቡብ ቺካጎ ያሳፈርኋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሃርሞኒካዬን ከመሪው አጠገብ አይተው “ትነፋለህ ወይስ ታስጎበኛለህ?” ሲሉ ጠየቁኝ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። አስታቲክ የሚባለው ኩባንያ ኦሃዮ ውስጥ ይሠራው የነበረ፣ የጥይት ራስ የሚመስል፣ ቀለሙ የተላላጠ ማይክሮፎን አወጡልኝ። እኔ ማጉያዬን እስከ መጨረሻው አዙሬ ነፋሁ፤ ማጉያዋ የራሷን ድምፅ በማይክሮፎኑ መልሳ እየሰማች በፉጨት ጆሯችንን በሳችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀነሱት። “ኃይሉ ያለው ከሣጥኑ አይደለም፤ ከእጅህ ነው” አሉኝ። “ግራ እጅህ ከሥር ይሸከም፤ ቀኝህ ይዝጋ። በጣቶችህ መካከል ብርሃን ካየሁ ድምፁ ወጥቶብሃል ማለት ነው።” ከዚያም እጄን ወደ መብራቱ አንሥተው፣ እንቁላል በሻማ እንደሚመረምር ሰው፣ ቀዳዳ ይፈልጉ ጀመር። አራት ቦታ አገኙ።

እንዲህ ያለው ማይክሮፎን ለሙዚቃ የተሠራ አይደለም። የአዳራሽ ተናጋሪዎችና የሬድዮ ባለሙያዎች መነጋገሪያ ነበር። የሰው ቃል እንዲሰማ ያህል መካከለኛውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ጥልቁንና ቀጭኑን ይጥላል። ይህን ሳነብ የመጣልኝ ስልክ ነው። የድሮው ስልክም ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው። እናቴን ለአሥር ዓመት የሰማኋት በዚያች ጠባብ መስኮት ነው።

እናቴ ደሴ ነበረች። ከ1999 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ከዚያው ከታክሲው ሰልፍ ላይ፣ የስልክ ካርድ ፍቄ እደውልላት ነበር። አንድ ቀን ስልኬን ከማጉያዋ ፊት አቁሜ ትዝታ ነፋሁላት። በሲ ሃርሞኒካ አራተኛውን ቀዳዳ ነፍተው ሲስቡ፣ አምስተኛውን ሲነፉ፣ ስድስተኛውን ነፍተው ሲስቡ፣ የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ሳይጣመሙ በተራ ይወጣሉ። ይህን ዕቃ ጀርመን፣ ትሮሲንገን ውስጥ የሠሩት ሰዎች ወሎን አያውቁም፤ ወሎ ግን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ቆየኝ።

“ዋሽንት ነው?” አለች እናቴ።

“ሃርሞኒካ ነው፣ እማዬ።”

“አሃ፤ እኔስ ዋሽንት እንዲህ ያለ ጉንፋን ይይዘዋል ወይ ብዬ ነው። በል ድገመው።”

ከዚያ ወዲያ ሥርዓታችን ሆነ። ጤናዬን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሜን፣ መቼ እንደምመጣ ትጠይቀኛለች፤ ሦስተኛውን ስሸሽ “እሺ፣ ጉንፋናሙን ንፋው” ትላለች። እነፋለሁ። አንድ ደቂቃ እንደቀረን የምትናገረው የካርዱ ሴት መካከል እየገባች ታቋርጠናለች።

በ2009 ሐምሌ ማይክሮፎኑን ታክሲው ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር ረስቼው አደርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያበስለው ዋለ። በውስጡ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክሪስታል ሮሼል ጨው ከሚባል ነገር የሚሠራ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል። ሽማግሌው ይህን ነግረውኝ ነበር። ማታ ስሞክረው ከሩቅ የሚመጣ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶታል።

ምትክ ክሪስታል ፍለጋው ተጓተተ። እናቴ “ጉንፋናሙስ?” ስትለኝ “ታሟል፤ ሲሻለው” እላት ነበር። በነሐሴም ጠየቀችኝ፤ በመስከረምም ጠየቀችኝ። ያንን የሻከረውን፣ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ድምፅ ካላገኘሁ መንፋቱ ዋጋ ያለው አልመሰለኝም። እንደ አንድ ትልቅ አርቲስት ነበር የምግደረደረው። በጥቅምት አረፈች።

ሃርሞኒካው ኪሴ ውስጥ ነበር። ስልኩ ራሱ ማይክሮፎን ነበር፤ ያውም ጠባቡን፣ ሻካራውን፣ እኔ ስፈልገው የከረምኩትን ዓይነት። በመዳፌ ሸፍኜ ብነፋበት እናቴ ልዩነቱን አታውቀውም ነበር፤ ብታውቀውም “አሁን ደግሞ ሳል ጀመረው” ብላ በሳቀች። ይህን ያሰብኩት ለቀብር መድረስ ተስኖኝ፣ በዚያው ሰልፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ከፊቴ ያሉት መኪናዎች ተንቀሳቅሰው ኖሮ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነቃሁ።

ማይክሮፎኑ በዓመቱ ተጠገነ። በክሪስታሉ ፈንታ ሙቀት የማይደፍረው ባለ ማግኔት ዕቃ ገባለት፤ ድምፁም መልካም ነው፣ ምናልባት ከፊተኛው ይሻላል። ታክሲውን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ማጉያዋ አሁን ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ናት። አፍንጫዋ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ቢጠቁርም አልተነሣም።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ከደሴ በቪዲዮ ደወለችልኝ። መልኳ ጥርት ብሎ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ይሰማኛል። ንፋ አለችኝ፤ ነፋሁ። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

“ስትነፋላት እኮ መነጋገሪያውን እንደ ሰው በአንድ እጇ አትይዘውም ነበር” አለችኝ። “በሁለት እጇ ሸፍና ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። እኔም ልስማ ብዬ ስጠጋ፣ ድምፁ ይወጣል እያለች ታባርረኛለች።”

“የትኛው እጇ ነበር ከሥር?” አልኳት።

“እኔ ምን አውቄ!” ብላ ሳቀች። ከዚያም የራሷን ሁለት እጆች ወደ ጆሮዋ አንሥታ፣ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያደረገች ሞከረችና፣ “ግራዋ መሰለኝ” አለች።