«10 ሰዓት ላይ!»

በመስቀል ሰሞን ከአክስቴ ልጅ ጋር ከአትላንታ ተነስተን፣ አምስት ሰዓት ያህል ነድተን፣ ደቡብ ካሮላይና ቻርለስተን ወረድን። ዓሣ ልናጠምድ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ከሥራ የተባረርኩ መስሏት ደነገጠች። ለመዝናናት ነው ስላት ደግሞ ሳቀች። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ዓሣ ለመያዝ ከፍሎ ሲሄድ ብትስቅ አይፈረድባትም።

ዋጋውን ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ አንድ ካፒቴን ከነጀልባቸው፣ ለአራት ሰዓት፣ ለሁለታችን፣ 500 ዶላር። ቲፑ ሳይቆጠር። ጀልባው የካፒቴኑ ነው፣ ዘንጉም፣ መንጠቆውም፣ ማባበያውም። የማጥመጃ ፈቃድ እንኳ አላወጣንም፤ የእሳቸው የቻርተር ፈቃድ ተሳፋሪውንም ይሸፍናል። ከእኛ የተጠየቀው ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ብቻ ነው። «ፖላራይዝድ ይሁን» ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈውልን ነበር። መነጽር መነጽር ነው ብዬ ከነዳጅ ማደያ በ12 ዶላር የገዛሁትን ይዤ ሄድኩ።

ካፒቴኑ ወደ 70 የሚጠጉ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ቀጭን፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንስቶ አንቱ ስላቸው ነበርና እዚህም አልተዋቸውም።

ቀጠሯችን 10 ሰዓት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ እሳቸው የጻፉት 4 ሰዓት ብለው ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሣር አለ። ስፓርቲና ይሉታል፤ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው። በመሀሉ ክሪክ የሚሏቸው ቦዮች እንደ እባብ ይጠማዘዛሉ። ጭቃው የከረመ እንቁላል ይሸታል። የአገሩ ተወላጅ ግን ከሩቅ ሲመለስ ያ ሽታ ሲያውደው ቤቱ የደረሰ ያህል ደስ ይለዋል አሉ ካፒቴኑ። አልገረመኝም። ለእኔም የበሰበሰ ደንገል የሚሸት የሐይቅ ዳር አለኝ።

ጣናም ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ግን ክረምት ሞልቶ በበጋ ለመጉደል ዓመት ይፈጅበታል። እዚህ ውሃው በ6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ይላል፣ ሌላ 6 ሰዓት ቆይቶ ተመልሶ ይወርዳል። በማግስቱ ሁሉም ነገር 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይደገማል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ሣሩ ሥር ይገባል። እኛ የሄድነው ጨረቃዋ ልትሞላ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። ካፒቴኑ ቀኑን የመረጡልን ከአራት ወር በፊት፣ በስልክ፣ የውሃውን ሰንጠረዥ ገልጠው ነው። እኔ ቅዳሜ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። «ዓሣው ቅዳሜን አያውቅም» አሉኝና ማክሰኞ ሆነ።

መጀመሪያ ማባበያ ያዝን። ያዝን እላለሁ፣ የያዙት እሳቸው ናቸው። የተጣጠፈ መረብ በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ወረወሩት። አየር ላይ እንደ እንጀራ ክብ ሆኖ ተዘርግቶ አረፈ፤ ሲጎትቱት የሚፈናጠር ሽሪምፕ ሞልቶታል። ማን አስተማረዎት ብላቸው ልጅ ሳሉ አንድ የጉላ ሽማግሌ እንደሆኑ ነገሩኝ። ጉላዎች በባርነት ተሸጠው እዚያ ጠረፍ የሰፈሩ አፍሪካውያን ልጆች ናቸው፤ መረቡን በእጅ መቋጠርም መወርወርም ከአባቶቻቸው የወረሱት ጥበብ ነው። 

ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ካፒቴኑ ከሞተሩ በላይ የተተከለች ማማ ላይ ወጡ። ማማ ስል የእኛኑ የማሽላ ጠባቂ ማማ አስቡ፤ ወፍ ማባረሪያው ብቻ ነው የሚቀረው። ይህችን ማማ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ቢል ከርቲስ የሚባል የፍሎሪዳ ካፒቴን ነው ይላሉ። እጃቸው ላይ ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን ዘንግ አለ። እሱን ጭቃው ላይ ተክለው ጀልባዋን ይገፏታል። ኮሽ አይልም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። ባሕር ዳር ጎረቤታችን በነበሩት ሽማግሌ ታንኳ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ! እሳቸውም በሽመል ዘንግ ነው የሚገፉት፤ ጀርባቸው ሳይጎብጥ፣ ክንዳቸው ሳይቸኩል። የትከሻቸው አወራረድ ራሱ አንድ ነው።

ዳሩ የጨው ውሃው ጨዋታ ማየት ነው። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ዓሣው ከታየህ አንተ ከመወርወርህ በፊት እሱ አይቶህ ሄዷል። ስለዚህ ካፒቴኑ ከማማው ያዩታል፣ አቅጣጫውን በሰዓት ይነግሩሃል። የጀልባዋ አፍንጫ 12 ነው፣ ቀኝህ 3፣ ግራህ 9።

እኔ ከጀልባዋ ፊት የማጥመጃ ዘንግ ይዤ ቆሜያለሁ። «10 ሰዓት ላይ! 40 ጫማ!» አሉ ካፒቴኑ በሹክሹክታ።

እንግዲህ በሰው አገር 15 ዓመት ኑሩ፣ እንግሊዝኛ ቁጥር በጆሯችሁ ሲገባ እጃችሁ ሳይታዘዝ ስድስት ይቀንሳል። ቴን ኦክሎክ ማለት ለእኔ አራት ሰዓት ነው። ረፋድ ነው፣ ሻይ ሰዓት ነው። በቅጽበት ዞሬ ወደ 4 ወረወርኩ። የሰዓት ፊት ላይ ከ10 ተነስታችሁ ስድስት ብትቀንሱ የት እንደምትደርሱ ቁጠሩት። በትክክል ከጀርባ። መንጠቆው በካፒቴኑ ማማ በኩል ፉጨት እያሰማ አልፎ ዓሣ በሌለበት ውሃ ላይ ጠብ አለ። የአክስቴ ልጅ ነገሩ ወዲያው ስለገባው ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ካፒቴኑ ምንም አላሉም። ማስረዳት ሞከርኩ፤ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለው እናንተ ሰባት የምትሉትን ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ከእኛው ይሻላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በጣታቸው ነበር የሚጠቁሙኝ።

መነጽሩንም ያወቁብኝ ያኔ ነው። «ታየዋለህ?» ይሉኛል፣ እኔ የሚያብረቀርቅ ውሃ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከኪሳቸው ትርፍ መነጽር አውጥተው ሰጡኝ። ሳደርገው ውሃው ክዳኑ የተነሳ ድስት ሆነ። ኦይስተር የሚሏቸው ባለ ዛጎል ፍጥረታት እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ተደራርበው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ትንንሽ ዓሣዎች ይመላለሳሉ። ትልቁንም አየሁት። የናስ ቀለም ያለው፣ እንደ ጥላ የሚንቀሳቀስ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ውሃው ሣሩን ሸፈነው፣ ካፒቴኑም ጀልባዋን ሣሩ ውስጥ አስገቧት። ከሁለት ሰዓት በፊት ደረቅ መሬት የነበረ ቦታ ላይ! ያ የናስ ቀለም ያለው ዓሣ፣ ሬድፊሽ የሚሉት፣ ወደዚያ የሚመጣው ለሸርጣን ነው። ሸርጣኗ ጥፍር የምታህል ናት፣ ወንዱ አንድ ክንዱ ከሌላው በጣም ይገዝፋል፤ ያንን ሲያወዛውዝ ቫዮሊን የሚመታ ስለሚመስል ስሙን በዚያ አወጡለት። እኛ ብናወጣለት ኖሮ ማሲንቆ መቺ እንለው ነበር። ዓሣው ሸርጣኗን ከጭቃው ለመልቀም በአፍጢሙ ሲዘቀዘቅ፣ ውሃው ስለማይበቃው፣ ጅራቱ ብቅ ይላል። ከሣሩ መሀል፣ በምሽት ብርሃን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የመዳብ ጅራት ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ አስቡት። ካፒቴኑ መግፋት አቆሙ። ማንም አልተነፈሰም።

ጠቆሙኝ፣ ወረወርኩ። ከአፍንጫው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ አረፈ። ጅራቱ ጠፋ፣ ሣሩ ተከፈለ፣ ክሩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ዓሣ አጥማጅ ስለሚያጋንነው ልተወው። ሲወጣ ለካነው፤ 27 ኢንች። እጄ ላይ ድም፣ ድም፣ ድም አለ። ከበሮ ነው። የአየር ከረጢቱን በጡንቻው እየመታ ነው የሚያሰማው፤ ሬድ ድረም የሚለውን ሌላ ስሙን ያገኘውም በዚሁ ነው። ካፒቴኑ እጄን በውሃ እንዳርስ አዘዙኝ፤ ደረቅ እጅ ልባጩን ይገፍፈዋል። መንጠቆውን ከከንፈሩ ጥግ አወጡ፣ ሆዱን ደግፌ ውሃው ውስጥ ያዝኩት፣ ራሱ ሲበረታ ጅራቱን አላግቶ ፊቴን አጥቦኝ ሄደ።

ኋላ ታሪኩን በስልክ ሳወራላት እናቴ እዚህ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ። «ለቀቅከው? ከፍለህ?»

ብፈልግም መውሰድ አልችልም ነበር። ሕጉ ከታች ወለል፣ ከላይ ጣሪያ አለው፤ ከዚህ ያነሰ አይያዝም፣ ከዚያ የበለጠም አይያዝም። የእኔው ጣሪያውን አልፏል። ይህ ዓሣ ልጅነቱን በቦዮቹ ውስጥ ጨርሶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ባሕሩ ይወጣል፣ እዚያ ሲወልድ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ትልልቆቹ እናቶቹ ናቸው። ይህን ስላት «እናቶቹማ አይነኩም» አለችና ጉዳዩን ዘጋችው።

ሕጉ ግን ከደግነት አልመጣም፣ ከምጣድ ነው የመጣው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፖል ፕሩዶም የተባለ ዝነኛ የኒው ኦርሊንስ ወጥ ቤት ሬድፊሽን ቅቤና ቅመም እየቀባ፣ በጋለ የብረት መጥበሻ እያጠቆረ ማቅረብ ጀመረ። ምግቡ አገር አዳረሰ። እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ፈላጊ ያልነበረውን ዓሣ በአውሮፕላን ከላይ እያሰሱ፣ ለመራባት የተሰበሰበውን መንጋ እንዳለ በትልልቅ መረብ ይከቡት ጀመር። በ1986 የፌዴራሉ መንግሥት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለውን የራሱን ውሃ ሬድፊሽን ለገበያ ለሚያጠምዱ ዘጋ። በ2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በፌዴራል ውሃ የተያዘ ሬድፊሽ እንዳይሸጥ ትእዛዝ ፈረሙ። በደቡብ ካሮላይናም ዓሣው ለገበያ አይጠመድም። የካፒቴኑ 500 ዶላር ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ዓሣው ባይቀር ኖሮ የእሳቸው ዕውቀት ማንም የማይገዛው ትዝታ በሆነ ነበር።

1986 ስል ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የገባው በዚያው ዓመት ነው። በቅን ልቦና ነው የመጣው፤ ሰው ይብላ፣ ገቢ ያግኝ ተብሎ። ብዙ ሰውም በልቷል፣ እኔን ጨምሮ። ነገር ግን ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ እኛ ነጭ ዓሣ የምንላቸው። ብዙዎቹ ክረምቱ ሲበረታ እስከ መስከረም ድረስ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል አባይ ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው በወንዙ አፍ ላይ ነው። ቁጥራቸው ክፉኛ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ከጻፉ ቆይቷል። ጎረቤታችን ሽማግሌ ግን ወረቀት አላስፈለጋቸውም፤ ልጅ ሳለሁ «ዘንድሮ ወንዙ ዝም አለ» ሲሉ እሰማ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቱሪስት ለታንኳቸው ይከፍላቸዋል፣ ለሚያውቁት ግን ሲከፍላቸው አላየሁም። እኔም አልከፈልኩም።

የአክስቴ ልጅ ካፒቴኑ ማማው ላይ ሆነው ሲገፉ ቪዲዮ ቀርጾ ነበር። ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት፣ እሱ ደግሞ ለሽማግሌው አሳያቸው። ዓሣውን ትተው ዘንጉን ደጋግመው አዩት አሉ። ከዚያ በድምፅ መልእክት ጥያቄ ላኩልኝ፦ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ዘንጉን አይውጠውም?»

ለካፒቴኑ ጽፌ ጠየቅኩላቸው። በማግስቱ ፎቶ ላኩ። የዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ባላ የተከፈለ እግር አለ፣ የእጅ ስፋት ያህል። ጭቃው ላይ ይቆማል እንጂ አይሰምጥም። ፎቶውን አስተላለፍኩ።

«ስትመጣ እግሩን ብቻ አምጣልኝ» የሚል መልስ መጣ። «ዘንጉ አያስፈልግም፤ ሽመሉ እኔ ጋ አለ።»